ከታኮው ጀምር

ጠባሴ ላይ ነን እኛ፣ ከወፍጮ ቤቱ ግድግዳ፣
ሦስት ሰዓት ሲሆን፣ ውርጩ ከሣር ላይ ሲጸዳ፣
ተደርድረን ቁጭ ነው፣ ጋቢ እስከ አፍንጫ፤
ፀሐይ ለጡረተኛ አታውቅም ብልጫ።

አጥላባቸው ባለ ሦስት እግር ነው፣ ከዘራው ሦስተኛ፤
ይልፋሸዋ ደግሞ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ጡረተኛ፤
አንድ ጆሮዋን የሽመና ማሽን በልቶባታል፤
በደህናው በኩል መቀመጥ፣ እኛን ያጣላል።

እኔ ሾፌር ነበርኩ፣ ኤንትሬ ነው የያዝኩት፤
ከሮቢት ሽንኩርት ነው፣ ከመንዝ ገብስ ነው የጫንኩት፤
ሃያ ስድስት ዓመት፣ መሪውን ጨብጬ፣
ዛሬም እጄ ይዞራል፣ ሳወራ ተቀምጬ።

ዕድሜ ሲገፋ ለሰው ምን ይቀረዋል? ወሬ።
ጥርስ የተወውን ምላስ ይቆረጥማል፣ የትናንትን ጥሬ።
እኔም አንዲት አለችኝ፣ ዘወትር የምቆረጥማት፣
እንግዳ በመጣ ቁጥር አሙቄ የማቀርባት፤
የደብረ ሲናን ዳገት፣ የሐምሌን ጭጋግ፣
ፍሬን እምቢ ሲለኝ፣ መኪናው ወደ ገደል ሲያፈገፍግ፤
«መሪውን ወደ ተራራው፣ ወደ ግራ ጠምዝዤ፣
ነፍሴን በአንድ እጄ፣ ኤንትሬን በአንድ እጄ ይዤ፣
አዳንኳት!» እላለሁ፤ ያን ጊዜ ሰው ዝም፤
ሻይ ይታዘዝልኛል፤ እኔ አልከፍልም።

ከዓመት ዓመት ወሬዬ ደለበ እንደ ሠንጋ፤
ገደሉም ጠለቀ፣ ጭጋጉም ረጋ፤
አምስት ክንድ ተንሸራትታ የነበረች መኪና፣
ሠላሳ ክንድ ሆነች፣ ልጆቼ አድገው ሲሰሟት እንደገና።

ማክሰኞ ጠዋት ግን፣ ከወፍጮ ቤቱ ደጃፍ፣
ጋሪ ቆሞ ሳለ፣ እህል ሊያራግፍ፣
አንድ ብላቴና ጎንበስ ብሎ ወደ ሥር፣
ድንጋይ ሸጎጠና እጁን ጠረገ ከአፈር።

አሥር ጣት ነበረው። ቆጠርኩለት።

«እንግዳሸት ይባላል» አልኩ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፤
«ረዳቴ ነበር፤ ከሞላሌ መጥቶ፣ ‹አሠራኝ› ብሎ የተጠጋኝ፤
አሥራ ሰባት ዓመቱ፣ ጢም እንኳ ያላወጣ፣
ታኮውን ታቅፎ ከጭነቱ ላይ የሚወርድ፣ የሚወጣ።
ያን ለት መሪውን የትም አልጠመዘዝኩም፤
ዓይኔን ጨፍኜ፣ ማርያምን ከመጥራት ሌላ አልሠራሁም።
እሱ ነው የዘለለው፣ በጭጋጉ፣ በጭቃው፣
ታኮውን ከኋላ ጎማ ሥር ያገባው።
መኪናዋ ቆመች።
ሦስት ጣቱ ቀረ፣ ከታኮው ጋር ከሥር።
በጋቢዬ ጠቀለልኩት፤ ደብረ ሲና ክሊኒክ አደረስኩት፤
የሦስት ወር ደመወዝ ሰጠሁና ሸኘሁት፤
ሌላ ረዳት ቀጠርኩ።
ታሪኩን ግን ከዚያ ወዲህ ብቻዬን ነዳሁት።»

ዝም አሉ። የወፍጮው ሞተር ብቻውን ያጉረመርማል፤
አጥላባቸው በከዘራው መሬቱን ይጭራል።
አፈርኩ። በሰባ አራት ዓመት ማፈር ይከብዳል፤
ፊት የሚያቀላው ደም እንኳ ተሟጧል።

ይልፋሸዋ ጆሮዋን፣ ደህናውን፣ ወደኔ መለሰች፤
«ስሙን ድገምልኝ፤ ማን አልክ?» አለች።
«እንግዳሸት።»
«እንግዳሸት…» ከንፈሯ ላይ አመላለሰች።
ቆይታ «እኔም» አለች፣ «‹ባሌ ጥሎኝ ሄደ› ስላችሁ፣
ጥዬው የመጣሁ እኔ ነኝ፤ በሌሊት፣ ከሰላ ድንጋይ፤ ይኸው አወቃችሁ።»
አጥላባቸው ሳቀ፤ ሳቁን ሳል ወሰደው፤
የሱን አልነገረንም፤ ገና ሊያበስለው ነው።

ፀሐይዋ ስትዞር፣ ግድግዳውን ለቀን፣
አቧራ አራግፈን፣ ጉልበታችንን ደግፈን፣
ልሄድ ስል ይልፋሸዋ ጠራችኝ በስም፤
«ነገም ይኸንኑ ንገረን፤ እኛ አይሰለቸንም።
ዳገቱን ግን ተወው፤ ጭጋጉም ይቅር፤
ከልጁ፣ ከጣቱ፣ ከታኮው ጀምር።»